አይዞሽ ያለው ሱቅ

ገበና ቤት ውስጥ ሰው ከገዛ ጥላው ጋር ሲጨቃጨቅ መስማት ብርቅ አይደለም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ ጎልማሳ የማሳያ ክፍሉን በር ሳይዘጋ ገብቶ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነበር የሚጨቃጨቀው።

«እኔ ስኳር እወዳለሁ? እኔ? ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ በምላሴ አልነካሁም!»

ጥላውም በራሱ በሰውዬው ድምፅ፣ እንደ ሰውዬው እጁን እያወናጨፈ፣ «ለልጆች ነው እያልክ የምትገዛውን ብስኩት ታዲያ ማን ይበላዋል?» አለው።

ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬውም ሳቁ አሸንፎት፣ «ጉድ እኮ ነው! ነገ ለስብሰባ የማደርገውን ኮት ዛሬውኑ ግጥም አድርጎ ለብሶ ነው የጠበቀኝ» እያለ ወጣ።

ጥላ የሚሉት እንግዲህ ይኼንን ነው። ሰው ሱቅ በገባ ቁጥር ያነሣው፣ አንሥቶ የመለሰው፣ ዓይኑ ቆየት ያለበት፣ ዋጋ ሲሰማ የተነፈሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይለቀምና፣ ተጠራቅሞ እሱኑ የሚመስል የብርሃን ምስል ይሆናል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ለጥላው ነው። ስንት ቢባል ሰውዬው እንደሚገዛ ጥላው ይናገራል፤ ሰውዬው ገና ጫማውን ሳያጠልቅ ዋጋው ተቆርጦለታል። ነገ የሚበላውንና የሚለብሰውንም አስቀድሞ ይገምታል፤ ልብሱን እንዲያውም ለብሶት ይቆያል። ደብረ ብርሃን ብርዷን የሚመልስላትን የመስታወት ጣራ ከደፋች ወዲህ ከተማው ዳር እስከ ዳር ገበያ ሆኗል፤ ጥላ የሌለው ነዋሪ ቢፈለግ አይገኝም።

ገበና ቤት የመዝገብ ስሙ የሸማቾች መረጃ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው። ማን እንዲያ ብሎ ይጠራዋል! ሰው የጓዳው ነገር አደባባይ ሲወጣበት የሚሮጥበት ቤት ስለሆነ ገበና ቤት አለው፣ በዚያው ጸና። ማንም ገበያተኛ እዚያ ሄዶ ሱቁ የያዘበትን ጥላ በዓይኑ የማየት፣ «ይኼን ከማን ሰማህ?» ብሎ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስታረም፣ ካሻውም ጨርሶ የማስጠፋት መብት አለው።

ምንታምር በዚህ ቤት ጥላ ገላጭ ናት። ሥራዋ ጥላውን ከሱቁ ተቀብላ ለባለቤቱ ማሳየት ነው። ሕጉን ከነነጠብጣቡ ታውቀዋለች፤ ትወደዋለችም። ሱቆች «ነገ ተመለሱ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» እያሉ ሰው ሲያመላልሱ አንጀቷ አርሮ፣ በተጠየቀበት ቀን ያልታየ ጥላ ማምሻውን በራሱ ወደ ባለቤቱ ቤት ይላክ የሚለውን አንቀጽ ተሟግታ ያስገባችው እሷ ናት። የሰው ገበና ከባለቤቱ አይደበቅም ትላለች፤ ሰው ሰለቸኝ እስኪላት ድረስ።

«ቀጣይ!» አለች።

ረዘም ያሉ፣ ጠይም፣ አበባ የበዛበት ቀሚስ ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ ሴትዮ መጡ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይባላሉ። ፊታቸው ኩርፊያ ይዟል።

«ልጄ፣ ክስ አለኝ።»

«ይቀመጡ እማማ። በማን ላይ ነው?»

«በሱቁ ነዋ። ጓዳ ሙሉ በሚሉት።»

«ምን አደረገዎት? ዋጋ ጨመረብዎት?»

«ኧረ እንዲያውም ቀነሰልኝ!»

«ታዲያ?»

«አይዞሽ አለኝ።»

ምንታምር ከንፈሯን ነከሰች።

«አትሳቂ እንጂ። እንደ ወትሮዬ ገባሁ፤ ምስርና ዘይት ያዝኩ። ልወጣ ስል ያ በር ላይ ያለው ድምፅ ቅልስልስ ብሎ 'አይዞሽ የሻሽዬ' አይለኝም መሰለሽ! ምን ሆኜ ነው? ወደቅሁ? አለቀስኩ? ደግሞ የሻሽዬ! እንዲያ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው። እሱ ከየት አመጣው?»

«ሱቆቹ ይሰማሉ እማማ። ሁሉንም ይሰማሉ።»

«ቆይ፣ ሌላም አለ። ልጄ ናሁሠናይ እዚያ ላይ ነው» አሉና ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ጣራ ቀሰሩ። የፀሐይ ማማ ማለታቸው ነው፤ ከምድር በላይ ተንሳፍፎ የፀሐይን ኃይል እያጠመደ ወደ ታች የሚልከው ጣቢያ። «በየሳምንቱ በሶ እልክለታለሁ። የሚነዘንዘኝ ራሱ ሱቁ ነው። 'ለናሁሠናይ በሶ እንጫን? ማር ይጨመርበት?' ሲለኝ እሰለቸው ነበር። በዚህ ሳምንት ዝም። እኔው 'የበሶው ነገርሳ?' ብለው፣ 'ለጊዜው አይቻልም' አለና ያንን አይዞሽ አመጣ።»

«የጭነት መንኮራኩሯ ዘግይታ ይሆናላ።»

«እኔም እንዲያ ነው ያልኩት። ብቻ ከሌላ ሰው አምታተውኝ ይሆናል። ያቺ አይዞሽ የሚያስፈልጋት ሴትዮ እኮ እስካሁን የሚላት አጥታ ይሆናል፤ እሷስ አታሳዝንም? አስታርሚልኝ እስቲ። መብቴ ነው ብለውኛል።»

«መብትዎ ነው» አለች ምንታምር። ይህችን ቃል ስትናገር ሁልጊዜ ደስ ይላታል።

ወጉ ጥላ ገላጭዋ ቀድማ ገብታ ጥላው የጠያቂው መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ባለቤቱን መጥራት ነው። ምንታምር ወደ ማሳያ ክፍሉ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ የሴትየዋን ስም ጠራች። ከወለሉ ላይ ብርሃን ተነሣና ሰው ሆነ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ናቸው፤ ፊታቸው፣ ቁመታቸው፣ ሁሉም። ግን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የለበሱት ጥቁር ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል።

ምንታምር እጇ ወደ አፏ ሄደ። የሚነበብ፣ የሚመረመር ነገር አላስፈለጋትም። ነጠላ ለምን እንደሚዘቀዘቅ በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ?

«ማን ነገረሽ?» አለች። ሕጉ ጠይቂ የሚላት ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ግን የቢሮ ድምፅ አልነበረም።

«የልጄ ጥላ ከትናንት በስቲያ ተዘጋ» አለች ጥላዋ፤ የምስር ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው። «እዚያ ላይ ያለው ሱቅ የሞተ ሰው ጥላ አያቆይም። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ እንግዳሸት ድንኳን፣ ወንበርና ጥቁር ጨርቅ አዘዘ። ማድረሻው የኔ ቤት ነው፤ ነገ ንጋት ላይ።»

«አይዞሽ ለምን ተባለች?»

«ሐዘን ላይ ያለ ገበያተኛ አይዞህ ሲባል ከሱቁ ቶሎ አይወጣም። ዋጋም አይከራከርም።»

«አልሰማችም እኮ! ሴትየዋ ምንም አልሰማችም!»

ሱቁ ያልገባው ይኼ ነበር። ልጅ ከሞተ እናት ከሁሉ በፊት ታውቃለች ብሎ ደምድሟል። ወንድም ዕንባውን ውጦ እየሳቀ የሚደውልበት፣ ጎረቤት እሷን ሲያይ መንገድ የሚቀይርበት፣ አገር በሙሉ አውቆ እናት ብቻ የማታውቅበት ሁለት ቀን እንዳለ ማን ያስተምረው? መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ መሀል፣ ወድቃ እንዳትሰበር የሚይዛት ሰው ቆሞ እንደሚነገር በየትኛው ደረሰኝ ላይ ያንብበው?

«ከሱቁ ሌላ የሰማ አለ?»

«ድንኳን አከራዮች፣ ሻማ ሻጮች፣ ሐውልት ቀራጮች፣ የእንቅልፍ መድኃኒት የሚሸጡ፣ አበዳሪዎች፣ የመድን ድርጅቶች...» ጥላዋ ቀጠለች። ስሙ አላልቅ ሲል ምንታምር በእጇ አስቆመቻት።

«ማን ፈቀደ?»

የተቀዳ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የሱቁ፣ ያው ቅልስልሱ ድምፅ ነው። «በዚህ ከባድ ጊዜ ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን እንዲያዘጋጁ ለወዳጆቻችን እንንገርልዎት?» ቀጥሎ አንድ የታፈነ የወንድ ድምፅ፣ «እሺ... እሺ የኔ ጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

አይ እሺ! ስንቱ በዚህች ቃል ተሸጠ! እኛ እሺ ስንል መች ተስማማን ማለታችን ሆነ? ሰማሁህ ማለታችን ነው፤ አሁን ተወኝ ማለታችን ነው፤ ፊትህ እንዳይከፋ ብዬ ነው ማለታችን ነው። እንግዳሸት ደግሞ የሚያጽናና ሰው ያገኘ መስሎት አመሰገነ። ሱቁ ወዳጆቻችን ያላቸው ገንዘብ የሚከፍሉትን ድርጅቶች ነው።

ምንታምር ትእዛዙ ላይ ባለው ቁጥር ደወለችለት። ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች፣ እኅቱ ደጅ ላይ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ነገረችው።

«እኅቴ፣ በፈጠረሽ» አለ። «በፈጠረሽ እንዳትነግሪያት። ማማው ላይ አንድ ነገር ፈንድቶ ነው አሉኝ። ሬሳው ገና አልወረደም። ነገ ማለዳ ንስሐ አባቷን ይዘን፣ ጎረቤቱን ይዘን ልንነግራት ነው። እሷ እኮ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። ቢሮ ወንበር ላይ፣ በባዕድ መሀል ትስማው?»

«ጋሼ፣ ጥላው ዛሬ ካልታየ ማታ በራሱ ቤታቸው ይላካል። ብቻቸውን ነው የሚያዩት።»

«እንዴ! የማን ሕግ ነው እንዲህ የሚል?»

ምንታምር የኔ ነው ማለት አቃታት። «ማስጠፋት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሞክራለሁ» አለችና ዘጋች።

ሌላም መንገድ ነበር። ጥላ ገላጭ የጥላን ልብስ በእጇ ዳሰስ አድርጋ መለወጥ ትችላለች። ጥቁሩን በአበባ ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ በደህናው መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። እጇን ዘረጋች። ግን ሱቆችን ስትከስ የኖረችው በዚሁ ነው፤ የሰውን ጥላ ለውጦ ለሰው በማሳየት። ሥራዋን ማጣቱ አላስፈራትም። እኚያ ሴትዮ የተዋሸላቸውን ምስል አይተው፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ሲስቁ ቆማ ማየት ነው የከበዳት። እጇን ሰበሰበች።

ወጣች። ፊቷን ያስተካከለች መስሏታል።

«እማማ፣ አየሁት። ስሕተት ነው፤ ተምታቶ ነው።»

«አላልኩሽም!»

«እና... ማየቱ ድካም ነው የሚሆንብዎት። 'ይጥፋልኝ' ይበሉና እዚሁ እናጥፋው። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ትክ ብለው አዩዋት። «ሳላየው?»

«አዎ።»

«ያ ብስኩት የሚበላው ሰውዬ አይቶ የለም እንዴ?»

«የእርስዎ ብዙም የሚታይ ነገር የለውም።»

«ምን ለብሳለች?»

ምንታምር አፏን ከፈተች። የአበባ ቀሚስ ልትል ነበር። ከማለቷ በፊት ግን ዓይኗ አመለጣትና ሴትየዋ ትከሻ ላይ ወዳለው ነጠላ፣ ወደ ጥለቱ ሄደ። ወዲያው መለሰችው፤ ግን ሄዷል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዓይኗን ተከትለው የገዛ ነጠላቸውን አዩ። ጥለቱን በጣታቸው ያዙት።

«ናሁሠናይ ነው?» አሉ።

ምንታምር ዓይኗ ሞላ።

አልጮኹም። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሩቅ ቦታ የሚጠራቸውን ሰው የሚያዳምጡ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ስለ ዘይት ዋጋ ያወራል። አንድ ሕፃን ከማሳያ ክፍሉ በር ሥር የሚወጣውን ብርሃን በእግሩ ሊረግጥ ይታገላል።

«እንግዳሸት ያውቃል?» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ ሊነግረኝ ነው?»

«ነገ ማለዳ። ከንስሐ አባትዎና ከጎረቤቶች ጋር።»

«ደግ አደረገ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሌላስ ማን ያውቃል?»

ይኼንን መጠየቅ መብታቸው ነው፤ መመለስ ደግሞ የምንታምር ግዴታ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ሕጉ የመረራት ጊዜ የለም። ነገረቻቸው።

«ድንኳን አከራዩ?»

«አዎ።»

«ሻማ ሻጩም?»

«አዎ።»

«የማላውቀው አበዳሪም የልጄን ሞት ሰምቷል?»

«አዎ እማማ።»

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ከሁሉ በኋላ የምሰማው እኔ!» አሉ። ተቆጥተው ነው። ቁጣው ነው መሰለኝ ቀጥ አድርጎ የያዛቸው። «ምን አድርጌያቸው ነው? ምስር ነው የገዛኋቸው። ዘይት ነው የገዛኋቸው። ለልጄ በሶ ነው የላክሁት። ይኼንን ሁሉ እንዲያውቁ ነው?»

ምንታምር ዕንባዋ ወረደ።

«ተይ!» አሉ በሹክሹክታ፣ ክንዷን ጨምድደው። «እዚህ አታልቅሺ። እዚህ የተለቀሰውንም ይለቅሙታል።»

ተነሥተው ተያይዘው ወደ ማሳያ ክፍሉ በር ሄዱ። ምንታምር እጀታውን ስትይዝ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቆሙ።

«አልገባም። እሷን ነገ በራሴ መስታወት አያታለሁ። ከዚሁ ሆኜ ብናገር ይሰማል?»

«ይሰማል። ግን ልንገርዎት፣ ጥላ ተቆርጦ አይጠፋም። ከጠፋ ሁሉም ነው የሚጠፋው፤ የሰጧቸውም ሁሉ ያጠፋሉ። ለናሁሠናይ የላኩት፣ እሱ ደርሶኛል ብሎ የመለሰልዎት ድምፅ ሳይቀር። ቅጂ ልስጥዎት? ቅጂ መውሰድ...»

ይኼኔ ነው የተንገዳገዱት። ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ምንታምር ጠጋ አለች፤ እየቆጠሩ ይሁን እየጸለዩ አልለየችውም።

«ድምፁ ውስጥ ምን አለ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «'እማ፣ በሶው ደርሶኛል፤ ማሩን አብዝተሽዋል' ነው የሚለው። ሁልጊዜ ያው ነው። አላበዛሁትም እኮ። ሱቁ ነው ጨምሪ ጨምሪ ያለኝ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ቅጂውን ስጪኝ። እነሱ ጋ ያለው ግን ይጥፋ። ይጥፋልኝ!»

ከበሩ ሥር የሚወጣው ብርሃን ጠፋ። ሕፃኑ ግራ ገብቶት እግሩን አየ።

ምንታምር እስከ ደጅ ሸኘቻቸው። «ለእንግዳሸት ልደውልለት፤ አሁኑኑ ይምጣ» አለች። «እንዴት ብቻዎን ያድራሉ?»

«እንዳትደውዪ! መስማቴን እንዳትነግሪው።»

«ለምን እማማ?»

«ያ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻውን ተሸክሞታል። ትናንት ደውሎ ቀልድ ሲያወራኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ስወድቅ የሚይዘኝ ሰው ለምኖ ሰብስቦልኛል። ከሱቅ ሰማሁት ብዬ ብነግረው ያ ሁሉ ድካሙ የት ይገባል? እኔስ ብሆን? ልጄን እግዜር ወሰደው፤ ምን እላለሁ። መርዶዬን ሱቅ ነገረኝ ብዬ ግን እስክሞት አላወራም። መርዶዬን የሚነግረኝ ወንድሜ ነው።»

ቅጂዋን፣ ጥፍር የምታህለውን፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ምንታምር ወደ ወረፋዋ ተመለሰች። ቀጣይ ማለት አቅቷት ብዙ ቆየች። ለእንግዳሸት፣ «ጥላው ጠፍቷል። የሚላክ ነገር የለም» የሚል መልእክት ላከች። ከዚያ በላይ አልጻፈችም።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። ለቅሶ ለመድረስ ማንም ሰው መጠራት አያስፈልገውም፤ ቢሆንም እግሯ የሄደው ተጠርታ ነው የሚመስለው። ድንኳኑን የጫነው ተሽከርካሪ ከመንደሩ ማዶ፣ ከቤቱ እንዳይታይ ተደርጎ ቆሟል። ወንዶችና ሴቶች ግድግዳ ታከው፣ ሳል እየዋጡ ይጠብቃሉ። ከፊታቸው የወይዘሮ የሻሽወርቅ ንስሐ አባት አሉ። አጠገባቸው አንድ አጠር ያለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ቆሟል። ለቄሱ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክ፣ እንግዳሸት መሆኑን ከድምፁ አወቀችው።

በሩን አንኳኳ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከፈቱ። ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ያንኑ የአበባ ቀሚስ ነው የለበሱት። ከኋላቸው ሳሎኑ ይታያል። ጠረጴዛው ወደ ጥግ ተገፍቷል፣ ወለሉ ተጠርጓል፤ ብዙ ሰው ቢመጣ የሚቀመጥበት አይጠፋም። ይኼንን ያስተዋለ ከምንታምር በቀር የለም።

«ምነው? ምነው በዚህ ማለዳ? በደህና ነው?» አሉ።

እንግዳሸት አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ቄሱን አየ፣ መሬቱን አየ። ቄሱ ሊረዱት ሲሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። አንድ እርምጃ ወደ ወንድማቸው ቀረቡና ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ድሮ ልጅ ሳለ አፍንጫውን ሲያብሱለት እንደሚይዙት።

«በል የኔ ጌታ» አሉት። «ንገረኝ። አንተው ንገረኝ።»

«እታለም... ናሁሠናይ...»

«እህ?»

«ናሁሠናይን አጣነው።»

ከዚያ በኋላ የወጣው ጩኸት እስከ መስታወቱ ጣራ ሄደ። ምንታምር ሴትየዋ ያስመስላሉ ብላ ፈርታ ነበር። ማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው የያዙት ሁሉ አሁን የሚይዛቸው ሰው ሲያገኝ ተለቀቀ። ሲወድቁ መሬት አልነኩም፤ ከግራም ከቀኝም እጅ ደረሰላቸው። ትናንት ሰምተዋል ይባል እንጂ ትናንት የሰሙት ወሬ ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው አሁን ነው፣ ወንድማቸው ሲናገር።

ድንኳኑ ተተከለ። ምንታምር ከማታውቃቸው ሴቶች መሀል ተቀምጣ፣ መልኩን አይታ ለማታውቀው ልጅ አለቀሰች። ፀሐይ ወጣ ሲል እንግዳሸት በሰዎቹ መሀል እየተሹለከለከ መጥቶ አጠገቧ በርከክ አለ።

«የትናንትናዋ ነሽ አይደል? ስታለቅሺ ሰምቼ በድምፅሽ አወቅሁሽ» አላት። «እግዜር ይስጥሽ እኅቴ። ውለታሽን አልረሳም። አንዲት ሌሊት እንኳ ሳትሰማ አደረችልኝ። እንቅልፏን ጠግባ አደረች።»

ምንታምር በሰው መሀል ወይዘሮ የሻሽወርቅን ፈለገቻቸው። እሳቸውም በዕንባቸው ውስጥ እያዩዋት ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ሐሰት ተናግራ አታውቅም፤ ለሰው የራሱን ነገር መደበቅ ሌብነት ነው እያለች ነው የኖረችው።

«አዎ ጋሼ» አለችው። «ሳይሰሙ ነው ያደሩት።»